ሸሻይ ይጽፋል

የኮምፒውተር ባለሙያው ሂሻም ከደሴ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ላፕቶፑን በጀርባው አዝሎ ከመርሳ መናኸሪያ በእግሩ መጣና የሦስቱ ወንዞች የመስኖ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ደረጃ ላይ ቆሞ የጫማውን አቧራ አራገፈ። ጽሕፈት ቤቱ ባረጀ የማንጎ ዛፍ ሥር ያለ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነው። በሐብሩ ከወንዝ ለሚጠጡ ማሳዎች ውኃው በየትኛው ቦይ፣ በማን ተራ እንደሚሄድ የሚወሰነው እዚያ ነው።

«ስም ላወጣላችሁ ነው የመጣሁት» አለ ሂሻም ገና ሳይቀመጥ። «እስካሁን ስም የላችሁም አሉ።»

«ያንተን ማን አወጣልህ?» አለችው የማኅበሩ ጸሐፊ ኢሕሳን።

«አያቴ።»

«እሳቸው መርቀው ነው ያወጡልህ። አንተ ደረሰኝ ቆርጠህ ልታወጣልን!»

ሥራ አስኪያጁ አቶ ይታገሱ ከውስጥ ክፍላቸው ሆነው ሳቁ።

ነገሩ ግን እውነት ነበር። በማኅበሩ ኮምፒውተሮች ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ስሙ ሸሻይ ነበር።

ሸሻይ የወልድያ ሰው ነው፤ የማኅበሩ የቦይ ቀያሽ ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቷል። ከጦርነቱ በፊት የቢሮውን ሰነድ ሁሉ በራሱ አካውንት ክላውድ፣ ማለትም ‹ደመና› በሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ማስቀመጥ ሲጀምር ተላግጦበታል። «ደመና ላይ ሰቅሎታል፤ ክረምት ሲገባ በየቤታችን ይዘንብልናል» ይሉ ነበር አቶ ይታገሱ። ሸሻይ የሚባለውን ሰምቶ ፈገግ ይልና ሥራውን ይቀጥላል። መስክ ሲውል ለኢሕሳን እየደወለ «እስቲ በእኔ ስም ግቢና ያንን ካርታ ክፈቺልኝ» ስለሚላት የይለፍ ቃሉን ታውቀው ነበር።

ጦርነቱ መርሳን አልፎ ሲመለስ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የቀረ ኮምፒውተር አልነበረም። ወንበር እንኳ አልቀረም። ኢሕሳን ከዘመድ በተዋሰችው አሮጌ ላፕቶፕ በሸሻይ ስም ገባች። የቦዮቹ ካርታ፣ የውኃ ተራው፣ ቃለ ጉባኤው፣ ደብዳቤው ሁሉ በነበረበት ነበር። ያልነበረው ሸሻይ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም በእሱ ስም እየገባ ሠራ። አዲስ ደብዳቤ ሲያስፈልግ የሸሻይን አሮጌ ደብዳቤ ይከፍታሉ፤ መሐሉን አጥፍተው በላዩ ላይ ይጽፋሉ። አርማውና መዝጊያው እንዳለ ይቀራል። «ውኃው ለታችኞቹም እንዲደርስ በማሰብ» የሚለው የሸሻይ ቃል በማኅበሩ ደብዳቤ ሁሉ ግርጌ አለ። ይህን እንግዳ ነገር ነው ያለ የለም። ሰው በሞተ ሰው ጋቢም ይሞቃል።

ሂሻም እስከ ቀትር ድረስ አዲሱን ሶፍትዌር ጫነ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አካውንት ከፈተ፤ ሰነዶቹንም ማኅበሩ ለራሱ ከያዘው አዲስ የክላውድ ቦታ ጋር አገናኘ። ከዚያ ኢሕሳንን ጠርቶ የግራናን አዲስ ቦይ እቅድ አስከፈታት። ከገጹ ራስጌ ላይ «ኢ» የሚል ፊደል ያለበት ትንሽ ክብ ብቅ አለ።

«ይኸውልሽ፣ አንቺ ነሽ። ከእንግዲህ ሰነዱን የከፈተ ሰው ሁሉ እንዲህ ይታያል።»

አቶ ይታገሱም በክፍላቸው ከፈቱ። «ይ» መጣ።

«እኔ ነኝ ይሄ? ምነው አነስኩ!» ሲሉ ተሰሙ።

ወዲያው ሦስተኛ ክብ መጣ። አረንጓዴ ነው። በውስጡ ያለው ፊደል «ሸ» ነው።

«ከአሮጌው ስም ያልወጣ ኮምፒውተር አለ» አለ ሂሻም። ተነሥቶ አንድ በአንድ አያቸው። ሁሉም ከስሙ ወጥተዋል። በጥግ ያለው ገመዱም አልተሰካም። ተመልሶ ስክሪኑን አየ። ክቡ በእቅዱ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከመዝጊያው ቃል አጠገብ ቆሟል።

«ታዲያ ይሄ ማን ነው?»

ክቡ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ጠፋ።

«አዑዙ ቢላህ» አለች ኢሕሳን በለሆሳስ።

አቶ ይታገሱ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም። «ይሰረዝ» አሉ። «ያ ስም ዛሬውኑ ይሰረዝ። ሰውዬው ይረፍ እንግዲህ።»

«የት ነው ያለው ሰውዬው?» አለ ሂሻም።

«ግራና ነው ያለው። ከመሬት በታች።»

ሸሻይ የሞተው ጦርነቱ በዚያ አካባቢ በነበረበት ወር ነው። የላይኞቹ ገበሬዎች የቦዩን መዝጊያ ዘግተው ሸሽተዋል፤ የታችኞቹ ሰብል እየደረቀ ነው ሲሉት ሊከፍተው ከወልድያ ተነሥቶ በእግሩ ሄደ። ግራና ሊደርስ ሲል መንገዱ ላይ በወደቀ የከባድ መሣሪያ ጥይት ሞተ። ሬሳውን ያገኙት አያ ጀብሪል የሚባሉ የግራና ገበሬ ናቸው። ሸሻይን ያውቁታል፤ ማሳቸውን ስንት ጊዜ በገመድ ለክቶታል። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን መድረስ የሚቻል አልነበረም። አያ ጀብሪል ክርስቲያን ጎረቤታቸውን ጠይቀው፣ ራሱን ወደ ምዕራብ፣ እግሩን ወደ ምሥራቅ አድርገው፣ በማሳቸው ዳር ከዋንዛው ሥር ቀበሩት። ከኪሱ የቤት ቁልፍ አገኙ። እሱን አስቀመጡት።

መንገድ ሲከፈት አያ ጀብሪል ቁልፉን ይዘው ወልድያ ሄዱ። የሸሻይን ሚስት ማናን ለማርዳት ከወንድሟ ከመሓሪና ከነፍስ አባቷ ጋር ሆነው ጎህ ሲቀድ በሯ ላይ ቆሙ። ማና ከፍታ ስታያቸው ምን ይዘው እንደመጡ ገባት። ቁልፉን ተቀብላ በበሩ ሞከረችው። ቁልፉ ዞረ። አውጥታ ለአያ ጀብሪል መለሰችላቸው።

«ባለቤቱ ሲመጣ ይስጡት» አለች። «ባሌ ይጽፋል። የሞተ ሰው ይጽፋል እንዴ?»

ሐዘን አእምሮዋን ነካው ብለው ተመለሱ። መርዶ ያልተቀበለ ለቅሶ አይቀመጥም። ለቅሶ ካልተቀመጠ ደግሞ ፍትሐትም ተዝካርም የለም። ማና ጥቁር አልለበሰችም። ጎንደር በር አጠገብ ባለው ሱቋ ቆማ ትሸጣለች፤ ሲመሽ ቤቷ ትገባለች፤ በሯን ግን አትቆልፍም። ባሏ ቁልፍ የለውም።

አሁን ግን ነገሩ የሚቆይ አልሆነም። አዲሱ የግራና ቦይ በአያ ጀብሪል ማሳ ዳር፣ በዋንዛው ሥር ያልፋል። መስመሩን ያሰመረው ራሱ ሸሻይ ነበር፤ በሕይወት እያለ፣ ዋንዛውን እንደ ምልክት ይዞ። ቆፋሪው ማሽን ሰኞ ይገባል። ከዚያ በፊት ዐፅሙ ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን መዛወር አለበት፤ ካህናቱ ግን ሚስቱ በሕይወት አለ እያለች ያለ እሷ ቃል አንነካውም ብለዋል። አያ ጀብሪል ለገበያ መርሳ በወጡ ቁጥር ጽሕፈት ቤቱ ጎራ ይላሉ። ስለ ውኃ አይጠይቁም። «ሴትየዋ እንዴት ናት?» ይላሉ።

ሂሻም ስሙን ከመሰረዙ በፊት በየት በኩል እንደተገባበት ሊያይ ፈለገ። ጥቂት ጠቅ ጠቅ አደረገና ወደ ኋላው ተደገፈ።

«ጂን አይደለም፤ አትፍሩ። ስልክ ነው። ወልድያ ያለ አሮጌ ስልክ። አዲሱን ስንጭን እሱም አብሮ ራሱን አድሷል።»

ኢሕሳን የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

ሸሻይ በዚያ ቀን ስልኩን ቤቱ ትቶ እንደወጣ መሓሪ ነግሯት ነበር። ኔትወርክ ተቋርጦ ስለነበር «ድንጋይ ተሸክሜ ምን አደርጋለሁ» ብሎ ለማና ሰጥቷት ሄደ። ኔትወርክ ሲመለስ ስልኩ ከማና እጅ ነበር። ያን ስልክ በከፈተች ቁጥር የቢሮውን ሰነዶች ታያለች ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ሰነድ አጠገብ የሸሻይ ስም አለ፤ ከስሙ አጠገብ ቀኑና ሰዓቱ። ዛሬ ጽፏል። ትናንት ጽፏል። አሁን እየጻፈ ነው።

ባሌ ይጽፋል።

ከቢሮው ሰው ሁሉ የበዛውን የምትጽፈው ኢሕሳን ነበረች።

«እንግዲህ ቀላል ነው» አለ ሂሻም። «ስሰርዘው ስልኩ ላይ ያለውም አብሮ ይጠፋል።»

«እንዳትነካው!» አለችው። ድምፅዋ ከፍ ብሎ ራሷን አስደነገጣት። «አቶ ይታገሱ፣ ይቆይ። እለምንዎታለሁ፣ ይቆይ።»

ነገሩን እስክታስረዳ ድረስ ሥራ አስኪያጁ ቆመው ሰሟት። ሲገባቸው በበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔም እኮ ጽፌበታለሁ» አሉ። «የጉባኤውን ጥሪ የጻፍኩት በእሱ ስም ነው።»

«ሁላችንም ጽፈናል።»

«ማሽኑ ሰኞ ነው፣ ኢሕሳን። እስከ ሰኞ ይቆይ።»

በማግሥቱ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ኢሕሳን ብቻዋን ነበረች። ሂሻም ወደ ደሴ ተመልሷል፤ አቶ ይታገሱ መስክ ናቸው። ማንጎው ከቆርቆሮው ጋር ይታከካል። የግራናን እቅድ ከፍታ አንድ ቁጥር ታስተካክል ነበር። አረንጓዴው ክብ መጣ።

እጇን ከኪቦርዱ አነሣች።

ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ከመዝጊያው ቃል በታች፣ ፊደል ተራ በተራ ይወጣ ጀመር። የሚጽፈው እጅ ቀርፋፋ ነው። አንዱን ጽፎ ያቆማል፣ ያጠፋል፣ እንደገና ይጽፋል። አጠገቡ የሸሻይ ስም አለ።

«ለምን ዝም አልክ?»

የምትጽፈው ማና እንደሆነች ኢሕሳን ታውቃለች።

«ከትናንት ወዲህ አልጻፍክም» አለ ጽሑፉ። «ኢሕሳን የምትባል ናት የምትጽፈው። ያንተን ቃል እየደመሰሰች ነው።»

ከዚያ ምንም አልመጣም። ክቡ እዚያው ነው። የሷም ክብ ከጎኑ አለ፤ ወልድያ ላይ፣ በሱቁ ውስጥ፣ በዚያች ትንሽ ስልክ እየታየ። አንድ ፊደል ብትነካ ማና ታያለች። አብሽሪ፣ እኔ ነኝ፣ እሱ የለም ብላ ልትጽፍ ትችል ነበር። ጣቷ እስከ ኪቦርዱ ድረስ ወረደ። ነገር ግን መርዶ ሱቅ ውስጥ ብቻውን ለቆመ ሰው፣ ያውም በቀትር፣ በጽሑፍ እንዴት ይነገራል? የሚይዛት ሰው እንኳ አጠገቧ የለም።

«አለህ?» አለ ጽሑፉ።

ኢሕሳን አልመለሰችም። ማና ትንፋሿን እንኳ የምትሰማ መሰላት። ከረጅም ጊዜ በኋላ የተጻፈው ሁሉ ከኋላው ወደ ፊት አንድ በአንድ ጠፋ፤ ቀጥሎ ክቡ ጠፋ። ማክሰኞ ዕለት በአዑዙ ቢላህ ልታባርረው የሞከረችው መንፈስ ማን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባት። በማና ቤት በየቀኑ ሲገባና ሲወጣ የኖረው መንፈስ እሷ ነበረች።

ኮምፒውተሩን ሳትዘጋ ሻርፗን አንሥታ ወጣችና በባጃጅ ግራና ሄደች።

አያ ጀብሪልን ያገኘቻቸው ማሳቸው ውስጥ ደለል ሲጠርጉ ነው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበዋል።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ አያ ጀብሪል።»

«ወዐለይኩም ሰላም። ምን አመጣሽ በዚህ ፀሐይ? ውኃዬን ልትቆርጪ ከሆነ በአካፋዬ ነው የምቀበልሽ።»

«ውኃ አይደለም። ስለ ሸሻይ ነው።»

ሽማግሌው አካፋቸውን ደለሉ ላይ ተከሉት። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። የክላውዱ ነገር ባይገባቸውም የቀረው ገባቸው።

«ስለዚህ አእምሮዋ አልተነካም» አሉ በመጨረሻ።

«አልተነካም። ያየችውን ነው የነገረቻችሁ።»

«እኛ ነና ያበድነው።» ወደ ዋንዛው ዞረው አዩ። ከሥሩ ድንጋይ ክምር አለ፤ እሾህ ታጥሮበታል። «ይሄ ሰው በቁሙ ማሳዬን በገመድ ሲለካ ኖረ፤ ሞቶም አለቀቀኝ። አላህ ይዘንለት። ቁልፉ አለ። በስንት ዝናብ አልዛገም፣ ዘይት እየቀባሁት።»

«እኔም ልሂድ ወይ?»

«አንቺማ ካልሄድሽ ማን ያምነናል? አንድ ጊዜ መልሳናለች። ደሞ መርዶ በጽሑፍ አይሄድም ልጄ፤ ደግ አደረግሽ ዝም አልሽ። ሰው ሲወድቅ የሚይዝ እጅ ይፈልጋል።»

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሁለቱም በአባዱላ ሚኒባስ ወልድያ ሄዱ። ሲሪንቃን ሲያልፉ አያ ጀብሪል ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው በጣታቸው ሲያሹ አየቻቸው፤ ወዲያው መልሰው ከተቱት። መሓሪ ቤት አደሩ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አራት ሆነው የማና በር ላይ ቆሙ፤ መሓሪ፣ የነፍስ አባቷ፣ አያ ጀብሪልና ኢሕሳን። መሓሪ ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሣ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ግቡ። ክፍት ነው።»

ማና ለብሳ ተቀምጣ ነበር። የተኛች አትመስልም። አጠገቧ ስልኩ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ብልጭ ይላል። የገቡትን አንድ በአንድ አይታ ኢሕሳን ላይ ስትደርስ አቆመች።

«ይቺ ማን ናት?»

«ኢሕሳን እባላለሁ፣ እትዬ ማና። ከማኅበሩ ነኝ።»

ማና ስልኩን አየች፤ እሷን አየች። «ነይ ወዲህ» አለቻት። «እጅሽን አሳዪኝ።»

ኢሕሳን ቀርባ ተንበረከከች፤ እጆቿን ዘረጋችላት። ማና ይዛ አገላበጠቻቸው፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ጨበጠቻቸው፤ ገበያ ላይ ዕቃ እንደሚመረምር ሰው ሳይሆን የታመመ ልጅ እንደምትዳስስ እናት።

«በእነዚህ ነው?»

«በእነዚህ ነው። ቃሉ የእሱ ነው፤ ደብዳቤው የእሱ ነበር። እኛ በላዩ ላይ ነበር የምንጽፈው። እንደምታዪው አላወቅንም፤ ወላሂ አላወቅንም።»

«ዓርብ ዓርብ ቀትር ላይ አይጽፍም ነበር» አለች ማና። ከማንም ጋር የምታወራ አትመስልም። «የዓርብ ምሳው ለምን ይረዝማል እል ነበር። ጾም ነው፣ ምን ይበላል?»

«ጁምዓ እየሄድኩ ነው።»

«አወቅሁ።» ማና የኢሕሳንን እጅ አልለቀቀችም። «ያወቅሁት በጥምቀት ነው። ያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ጻፈ።»

ኢሕሳን ቀኑን አስታወሰችው። የውኃ ተራ በዓል አያውቅም፤ በጥምቀት ክርስቲያኖቹ ታቦት ሲሸኙ ቢሮውን የምትጠብቀው እሷ ናት። በዒድ ደግሞ እነሱ ይጠብቁላታል። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ነው የሠሩት። ሸሻይ በሕይወት እያለም እንዲህ ነበር።

«ሸሻይ በጥምቀት ታቦት ሳይሸኝ ሥራ አይነካም» አለች ማና። «ትኩሳት ይዞት እንኳ ሸኝቷል። ያን ዕለት ስልኩን ይዤ እዚህ ተቀመጥኩ። ይጽፋል፣ ይጽፋል። ይሄ እሱ አይደለም አልኩ።»

«ታዲያ አውቀሽ ነው?» አለ መሓሪ። ድምፁ ተሰበረ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ አውቀሽ ነው፣ እኅቴ?»

«በማግሥቱ ከፈትኩት። ይጽፋል። ‹ውኃው ለታችኞቹም እንዲደርስ› ይላል። ይሄን ቃል እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ያወጣው፣ ‹ጥሩ ነው ወይ?› ብሎ ጠይቆኝ። እንዴት ብዬ ነው እየጻፈ የምቀብረው? ማክሰኞ ዕለት ነው ዝም ያለው። ረቡዕ ጠየቅሁት። መልስ የለም።»

የነፍስ አባቷ መስቀላቸውን ይዘው ወደ ፊት ቀረብ አሉ። የመርዶውን ቃል ሊጀምሩ ነበር። ማና እጇን አነሣች።

«እርስዎ ይቆዩኝ፣ አባቴ። እሷ ትንገረኝ። ስትጽፍልኝ የኖረችው እሷ ናት።»

አያ ጀብሪል ከኢሕሳን ኋላ «ቢስሚላህ በይ» አሏት በሹክሹክታ።

ኢሕሳን የማናን ሁለት እጅ ያዘች። ለዚያ ቤት ሳታውቅ ስንት ሺህ ቃል ጽፋ ነበር፤ አሁን የምትፈልገው ጥቂት ቃል ነው። ስልኩ ብልጭ አለ፤ ጠፋ።

«እትዬ ማና» አለች። «ሸሻይ ሞቷል። ያኔውኑ ሞቷል።»

ማና ጥቂት ጊዜ አየቻት፤ ሌላ ነገር የምትጨምር እንደሆነ የምትጠብቅ ይመስላል። ከዚያ አፏ ተከፈተ። ጩኸቱ ሲወጣ ለጎረቤት ሁሉ ተሰማ፤ በሮች ተከፈቱ። ወደ ፊት ስትወድቅ ኢሕሳን ያዘቻት፤ መሓሪ ያዛት፤ አያ ጀብሪል ጋቢያቸውን አውልቀው ጣሉባት። ሰዉ ግቢውን እስኪሞላ ድረስ እንደዚያው ያዟት።

ቁልፉን የተቀበለችው ቆይቶ ነው። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዐፅሙ ወጣ። የቆፈሩት አያ ጀብሪልና ጎረቤታቸው ናቸው፤ አካፋውን ለሌላ አልሰጡም። በግራና ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ተደርጎለት፣ ከካህናቱ ኋላ ማና፣ ከማና ኋላ የታችኞቹ ገበሬዎች ቆመው ተቀበረ። ሰኞ ማሽኑ ገባ። ዋንዛውን አልቆረጠውም፤ ሸሻይ ባሰመረው መስመር ጎኑን ታኮ አለፈ።

ማና አንድ ነገር ብቻ ለመነች። ስሙ እስከ ተዝካሩ ይቆይልኝ አለች። አቶ ይታገሱ እሺ ለማለት አላመነቱም።

ከተዝካሩ በኋላ በመጣው ዓርብ ጠዋት ኢሕሳን ለሂሻም ደወለችለት። እሱ በስልክ ይመራታል፤ እሷ ታደርጋለች። ኮምፒውተሩ የሸሻይ ሰነዶች ለማን ይተላለፉ ብሎ ጠየቃት። የራሷን ስም ጻፈች።

«አሁን ሰርዝ የሚለውን ንኪ» አለ ሂሻም።

ኢሕሳን አልነካችም። በሌላ መስኮት የግራና እቅድ ተከፍቶ ነበር። አረንጓዴው ክብ እዚያ ነው፤ በመጨረሻው ገጽ፣ ከመዝጊያው ቃል አጠገብ። አይጽፍም። ቆሟል።

«ሄሎ? ተቋረጠ እንዴ? ንኪው እንጂ!»

«ቆይ» አለች። «ሰው አለ።»

ማንጎው ከቆርቆሮው ጋር ይታከካል። ከውጭ አንድ ገበሬ ተራውን ሊጠይቅ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ፊቷን አይቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ክቡ ቆየ። ከዚያ በራሱ ጊዜ ወጣ። ኢሕሳን ትንሽ ጠበቀች፤ ይመለስ እንደሆነ። አልተመለሰም። ነካችው።

የገበሬውን ደብዳቤ ጻፈችለት፤ አሮጌውን ከፍታ፣ መሐሉን አጥፍታ፣ መዝጊያውን ሳትነካ። ሌላም ሌላም ሠራች። የጁምዓ አዛን ሲሰማ ልትነሣ ብላ ቆመች። ተመልሳ ተቀመጠችና በግራናው እቅድ የመጨረሻ ገጽ ግርጌ ጻፈች፦

«ጁምዓ ሄጄ እመለሳለሁ።»

ከራስጌው ላይ ያለው ክብ የራሷ ብቻ ነበር። ጽሑፉን ሳታጠፋው ሻርፗን አስተካክላ ወጣች።